ጎተራው እምቢ ያለበት ሰሞን

ወንድሜ ከተቀበረ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ቤታችን ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ፀዳ የምትባል ሠፈር ነው። ድንኳን ተጥሏል፣ ግቢው በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል፣ እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት መቆየት አልቻልኩም። ድንኳኑ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አንዱ መጥቶ «አይዞህ፣ በርታ እንጂ» ይለኛል፤ እነሣለሁ። ጓሮ እሄዳለሁ። ውሃ እቀዳና ሳልጠጣው አስቀምጠዋለሁ። እናቴ በተቀመጠችበት ሆና በዓይኗ ስትከተለኝ ቆየችና፣ «ምነው ልጄ፣ መሬቱ ፈጀህ?» አለችኝ።

ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ ደግሞ ባሰብኝ። ጠዋት ጠዋት እስከ አዘዞ በእግሬ እሄዳለሁ። እዚያ ሲደክመኝ ታክሲ ይዤ ከተማ፣ አራዳ፣ እገባለሁ። አራዳ ገብቼም ወንድሜ ይሠራበት በነበረው ሱቅ በር ላይ አልፋለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና አልፋለሁ። እኔም እዚያው ነበር የምሠራው፤ ግን መግባት አቃተኝ።

የሱቁ ባለቤት ከአባታቸው በወረሱት የጨርቅ ሱቅ ጎን አንዲት ክፍል ለኮምፒውተር ጥገና የከፈቱ ሰው ናቸው። ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ከባንኮኒያቸው ኋላ ሆነው ጠሩኝ።

«ና ግባ። በሬን እንደ ጥበቃ ስትዞረው ደንበኛ አባረርክብኝ እኮ።»

ገባሁ። የወንድሜ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ኮምፒውተሩን ጨርቅ አልብሰውታል።

«እኔንም ከብዶኛል ልጄ» አሉ። «ግን ሥራው ቆመ። አንድ ባለሙያ ተነጋግሬያለሁ። የወንድምህ አርባ ካለፈ በኋላ ይጀምራል። ይሄን ኮምፒውተር ሁሉን አጥፍቶ፣ ፎርማት አድርጎ ለራሱ ያዘጋጀዋል።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጎተራው አለ።»

«ያ እምቢ የሚለው?»

«እሱ።»

ሐጂ አገጫቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። «እስከ አርባው ማንም አይነካውም» አሉ። «ከዚያ በፊት ሠርቶ ካሳየኸኝ ይቀመጥ፣ ለዚያ ሰው ሌላ እፈልግለታለሁ። የማይሠራ ነገር ግን ምን ላድርግበት?»

እውነታቸውን ነበር። እኔም ብሆን ይሠራል ብዬ መማል አልችልም ነበር።

ጎተራው ምን እንደሆነ ልናገር። ወንድሜን «አያ» ነበር የምለው፤ ወላጆቻችን ከደጋ የመጡ ናቸውና ታላቅን እንደዚያ መጥራት ከቤት የተማርነው ነው። አያ ኮሌጅ እያለ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ተዋወቀ። ቤት መጥቶ ስለሱ ሲያወራ ሌላ አገር ደርሶ የመጣ ይመስል ነበር። «እዚያ» ይላል፣ «ሲዲ ፍለጋ ስትዞር አትውልም። አንድ ትልቅ ማከማቻ አለ። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የምትፈልገውን ሶፍትዌር ስም ትጽፋለህ፤ እሱ ራሱ ሄዶ ያመጣዋል። ሶፍትዌሩ ሌላ ነገር ካስፈለገው ያንንም አስከትሎ ያመጣል። አልፈልግም ካልክ ጠራርጎ ያወጣል። አዲስ ሲመጣ ያድሳል። አንድ ቃል ብቻ!»

የኛ ኑሮ ደግሞ ዊንዶውስ ነው። የጎንደር ሰው ሁሉ ያለው ዊንዶውስ ላይ ነው። አንድ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ አያ በእስክሪብቶ የተጻፈባቸውን ሲዲዎች ከመሳቢያ አውጥቶ አንድ በአንድ ይከታል። አንዱ ይጫናል። ሁለተኛው «አንድ ፋይል ጎድሎኛል» ብሎ ይቆማል። ያ ፋይል የት አለ? የሆነ ሰው ፍላሽ ላይ። ፍላሹ ላይ ደግሞ ቫይረስ አለ። ግማሽ ቀን እንዲህ ያልቃል።

አያ ያንን የሊኑክስ ልማድ ዊንዶውስ ላይ ላምጣው አለ። «ሰውን ወደ ሊኑክስ ከማምጣት ይቀላል» ይል ነበር። «ሰው ወዳለበት መሄድ ነው።» ከሥራ በፊት በጠዋት ኢንተርኔቱ ሳይጨናነቅ እየገባ፣ ሰው የሚፈልጋቸውን ሶፍትዌሮች ለወራት አውርዶ አንድ ዲስክ ላይ አከማቸ። ለእያንዳንዱ ምን ምን አብሮት መምጣት እንዳለበት ጻፈ። ያንን ሁሉ የያዘ አንድ ዝርዝር ሠራ። ማንም ሰው መሀል ገብቶ ቫይረስ እንዳይጨምርበት ደግሞ ዝርዝሩን አተመው። በቀለም የሚታተም አይደለም፤ በኮምፒውተር ስሌት የሚሠራ ማኅተም ነው። ዲስኩን የሚቀበለው ኮምፒውተር መጀመሪያ ማኅተሙን ይመረምራል፤ ካላመነው ምንም አይጭንም። የማኅተሙን መመርመሪያ ከሊኑክስ እንዳለ ነው ያመጣው፤ ዝርዝሩን የሚሠራበትና የሚያትምበት ነገር ግን ከራሱ ኮምፒውተር አልወጣም። ለጠቅላላው ነገር «ጎተራ» የሚል ስም አወጣለት።

ጥቁሩ መስኮት የኛን ፊደል ስለማያሳይ መልእክቶቹን በአማርኛ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፋቸው። አንድ ነገር ሲደርስ «መጣ» ይላል። ሲጫን «ገባ» ይላል። ማኅተሙን ካልወደደው ደግሞ «ዝርዝሩ አልታመነም» ብሎ ይዘጋል። ለምን እንዳልታመነ አይናገርም።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላመጣሁም። ሱቅ ውስጥ የኔ ሥራ ጥቃቅኑ ነበር፤ አቧራ መንፋት፣ የግእዝ ፊደል መጫን፣ ፕሪንተር ማስተካከል። ደግሞ ሰዓት ማስተካከል። ይሄኛው ሳይጠየቅ የሚሠራ ነበር። ደንበኛ ኮምፒውተሩን ሊወስድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ማዕዘኗ ላይ ያለችውን ሰዓት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኖ ዘጠኝ ስትል ካያት «አልሠራችሁትም» ይላል። ስለዚህ በኛ ሰዓት አደርጋታለሁ። ሰዓቷን ካስተካከልኩ ቀኑንም በኛ፣ ወሩንም በኛ፣ ዓመቱንም በኛ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የጽሕፈት መኪናቸውን ትተው ኮምፒውተር የያዙት ቅርብ ጊዜ ነው። ቀኑ በፈረንጅ ሆኖ ሲታተምባቸው ይዘውት ይመጣሉ።

«ይሄ መኪና ምን ነክቶት ነው ከኔ ሰባት ዓመት ቀድሞ የሚሮጥ? ማመልከቻዬን ዳኛው ገና ያልተወለደ ነው ብሎ መለሰብኝ።»

ጥቅምት ላይ ደግሞ የባሰ ነው። መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት ብዬ ስሞላው፣ ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው የሚለው። ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላ ዘሎ ወደ ሦስተኛው ይገባል። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የሚባል ቀን የለውም። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው፣ «ሁለት ቀኔን በላህ፣ መልስልኝ» ይሉኛል። አያ ይስቃል። እኔ እጄን ታጥቤ መልሼ አስተካክልላቸዋለሁ።

ጎተራው በአያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሁሌም ይሠራ ነበር። ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲወስደው ነው ችግሩ። አንዱ ላይ ይሠራል፤ ሌላው ላይ «ዝርዝሩ አልታመነም»። ያው ዲስክ፣ ያው ዊንዶውስ፣ ያው ቀን። አያ ማኅተሙን አበላሽቼው ነው ብሎ እንደገና አተመ። እንደገና እምቢ አለ። የወረዱት ፋይሎች ተበላሽተው ይሆናል ብሎ ግማሹን እንደገና አወረደ፤ ይሄ ሁለት ወር ፈጀ። ባለ ካሬ ደብተር ይዞ የሞከረባቸውን ኮምፒውተሮች በሙሉ መዘገበ። በአንድ በኩል የማን እንደሆነ፣ በሌላው በኩል «ሠራ» ወይም «እምቢ አለ»።

የካቲት ላይ ዓይኑ ቢጫ መሆን ጀመረ። እናቴ የወፍ በሽታ ነው ብላ ጠበል ወሰደችው፤ ከዚያ ሆስፒታል፤ ከዚያ ወደ ቤት። ጉበቱ ነው አሉ። ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ሥራውን በኔ እጅ ጀመረ። ዲስኩን ጠዋት ይሰጠኛል፤ ማታ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ዛሬስ?» ይለኛል።

«እምቢ አለ።»

«የማን ላይ?»

እነግረዋለሁ። ደብተሩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ይጽፋል። እጁ ደክሟል፤ ፊደሉ ግን አልተበላሸም። በማግስቱም «ዛሬስ?» ከዕለት ወደ ዕለት ጥያቄው ሲያስጠላኝ መጣ። እውነቱን ነው የምጽፈው። የታመመ ወንድሜ ሳይሆን ያ ጥያቄ ነበር ከበር የሚቀበለኝ።

ሐጂ በዚያ ሰሞን ለራሳቸው ጠረጴዛ አዲስ ኮምፒውተር ገዝተው ነበር። አያ ሰማና፣ «ነገ የሐጂ አዲሷ ላይ ሞክራት» አለኝ። «እሺ» አልኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኳስ ነበር። ኳሱን ሳይ ቆይቼ ወደ ሱቅ ሳልመለስ ቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ዲስኩ ቀኑን ሙሉ ከቦርሳዬ አልወጣም።

«ዛሬስ?»

«እምቢ አለ» አልኩት።

ደብተሩን አወጣ፣ ጻፈ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

እንግዲህ ያልተቀመጥኩት ለዚህ ነው። ለሰው አልነገርኩም። ሐጂ ጋ ሄጄ አዲሷ ላይ እንዳልሞክራት ደግሞ ፈራሁ። እምቢ ብትል፣ የአያ ሥራ በእውነት አይሠራም ማለት ነው። ብትሠራስ? ያንን ማሰብ አልፈለግሁም።

የአያ ስልክ እኔ ጋ ነበር። ሚያዝያ እንደገባ ጮኸ። ከሳንጃ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ናቸው። አያ ክረምት ሳይገባ መጥቶ ኮምፒውተሮቻቸውን በጎተራ ሊሞላላቸው ቃል ገብቶላቸው ኖሯል።

«ምነው ወንድሜ፣ በሰላም ነው የጠፋህብን?»

«እሱ አይደለሁም። ታናሹ ነኝ።»

«እስቲ አቅርብልኝ።»

«ላቀርብልዎ አልችልም» አልኩ። እሳቸውም ገብቷቸው በቀስታ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። ስልኩን ሳይዘጉት እኔ ቀደምኩ። «እኔ እመጣለሁ። ዲስኩ እኔ ጋ ነው» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። መንገድ ስለነበረው ይመስለኛል።

እናቴ፣ «አርባው ሳይወጣ መንገድ? ሰው ምን ይላል?» አለች። ከዚያ ቆም ብላ አየችኝ። «ሂድ በቃ። እዚህም አልተቀመጥክ።»

በጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፈርኩ። ዲስኩን በአያ ሹራብ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ትክል ድንጋይን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሰው ኮቱን አወለቀ፤ እኔ ጥቁር ሹራቤን አላወለቅሁም። ሳንጃ ስንደርስ መምህሩ መናኸሪያው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። መጀመሪያ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ «ና፣ ሙሽሮቹን ላሳይህ» አሉ።

ሙሽሮቹ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው። በተርታ ተደርድረዋል። «አቧራቸውን አራግፌ፣ ሰዓታቸውን አስተካክዬ ነው የጠበቅሁህ» አሉ መምህሩ። «መብራት ሳይሄድ ቶሎ በል።»

የመጀመሪያው ላይ ዲስኩን ሰካሁ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አያ ያስተማረኝን ቃል ጻፍኩ። «ዝርዝሩ አልታመነም»። ሁለተኛው ላይ። «ዝርዝሩ አልታመነም»። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ገና ሳልጽፍ መልሱን አውቀው ነበር።

መምህሩ ከኋላዬ ሆነው፣ «ወንድምህ አንድ ቃል ጽፌ ሁሉንም እሞላቸዋለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ቃሉን እሱ ይዞት ሄደ እንዴ?» ወዲያው ተጸጸቱ። «ይቅርታ ልጄ። አፌ አያርፍም።»

«ግድ የለም።»

«እንግዲህ ፈተና ደርሷል። እዚህ ከተማ ሲዲ ይዞ የሚዞር ልጅ አለ፤ ነገ እሱን እጠራዋለሁ። አንተ ምሳ ብላና ተሳፈር።»

ያኔ ነው ስልኬ የጮኸው። እናቴ ናት።

«ቄሱ መጥተው አርባው በስንት ይውላል ይሉኛል። ቀኑ ተምታታብኝ። ዛሬ ስንት ነው?»

እኔም ተምታቶብኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ባለው ኮምፒውተር ማውሱን ወስጄ ሰዓቷ ላይ አሳረፍኩት። ቀኑን የያዘች ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ሚያዝያ ስምንተኛ ወራችን ነው፤ ሳጥኗም በእንግሊዝኛ ስምንተኛውን ወር ትላለች። ቀኑ ልክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው። በጣቴ ቆጥሬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ዕለቱስ? ምን ቀን ይውላል?»

ዛሬ ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ። ሳጥኗ ግን ሌላ ዕለት ትላለች። «ይሄ ደግሞ ዕለቱን ተሳስቷል» አልኩ ለራሴ። እናቴ «ምን አልክ?» ትላለች። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ዕለቱን የተሳሳተው ቀኑ በእውነት የዛሬ ስላልሆነ ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ኋላ ነው። የኛን ቀን እኛ ነን የሰጠነው፤ እሱ ግን የፈረንጅ መስሎት ተቀበለ። ማኅተሙ የታተመበትን ቀን ይይዛል፤ አያ ዝርዝሩን ያተመው ደግሞ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሱ ኮምፒውተር በፈረንጅ ቀን ነበር፤ እሱን እንድነካው አይፈቅድልኝም ነበር። ስለዚህ ይሄ ኮምፒውተር የሚያየው ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚታተም ማኅተም ነው። ነገ የተፈረመ ደብዳቤ ዛሬ ቢያመጡልህ ታምናለህ?

ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በፈረንጅ አደረግሁ። ሰዓቱንም። ጥቁሩ መስኮት ላይ ያንኑ ቃል ጻፍኩ።

መጣ። መጣ። መጣ። ገባ። መጣ። ገባ።

መስመሮቹ ወደ ላይ እየወጡ ጠፉ። የመጀመሪያው ሶፍትዌር ሌላ አስከትሎ መጣ፤ ያ ሌላ አስከተለ። ማንም ሲዲ አልከተተም።

መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩ። «እሰይ፣ ሸጋ! ሸጋ ነው!» ትከሻዬን መቱኝ። ከዚያ ማዕዘኗን አይተው ደነገጡ። «ሰዓቴንስ ምን አደረግህብኝ? ልጆቹ ሰባት ሰዓት ሲሉ እሱ አንድ ይላል? ፈተና ላይ ያምሱኛል።»

«ይመለሳል» አልኳቸው። የፈረንጅ አደርጋለሁ፣ እጭናለሁ፣ ወደኛ እመልሳለሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ። አንዱን እየጫነ ትቼ ሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛውን ትቼ ሦስተኛው ላይ። መምህሩ ወንበር አምጥተው፣ «ኧረ ተቀመጥ አንተ ልጅ» ቢሉኝ ወንበሩን ገፍቼ አለፍኩ። ደስታ አልነበረም። ሌላ ነገር ከኋላዬ እየመጣ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ቆሜ ከጠበቅሁት ይደርስብኛል።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ደረሰብኝ። የአያን ደብተር አውጥቼ ገለጥኩት። ማመልከቻ ጸሐፊው፣ እምቢ አለ። እሳቸውን አውቃለሁ፤ ሁለት ቀን በልቼባቸዋለሁ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ እምቢ አለ። የሱንም አስተካክያለሁ። ኢንተርኔት ቤቱ፣ ሠራ። እነሱ ከውጭ ሰው ጋር ስለሚጻጻፉ ሰዓታቸውን አያስነኩም። ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። እምቢ ያሉት ሁሉ በኔ እጅ ያለፉ ናቸው። የሠሩት ሁሉ ያልነካኋቸው ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ያስወረደው፣ እየደጋገመ ያሳተመው የኔ ጣት ነው። እሱም ማዕዘኗን ስንት ጊዜ አይቷት ይሆናል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ትላለች። ለኛ ዓይን ምን ስሕተት አላት?

የመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ የሐጂ አዲሷ፣ እምቢ አለ።

ያቺን አልነካኋትም። ሰዓቷንም፣ ምኗንም።

ከመናኸሪያ ወደ ቤት አልሄድኩም። አቀበቱን በእግሬ ቸኩዬ ወጥቼ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ጨርቅ እያጠፉ ነበር።

«ሐጂ፣ የርስዎን ኮምፒውተር ሰዓት ማን አስተካከለው?»

«ሰላምታ የለም እንዴ በሳንጃ?»

«ይቅርታ። እንደምን ዋሉ? ማን አስተካከለው?»

«ማንም። ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካው። እኔ በአዛን ነው የምሄድ፣ በሱ አይደለም።»

ማውሱን ሰዓቷ ላይ አሳረፍኩ። የፈረንጅ ነው። ዲስኩን ከአያ ሹራብ ውስጥ ፈትቼ ሰካሁ። ቃሉን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ላይ ተቀበለኝ።

መጣ። መጣ። ገባ።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ሲያልቅ፣ «ሠራ አይደለም?» አሉ።

«ሠራ።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ምነው ፊትህ?»

ነገርኳቸው። ሰዓቱን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ያን ቀን ኳስ እንዳየሁ፣ ሳልሞክር እምቢ አለ እንዳልኩ፣ አያ እንደጻፈው ነገርኳቸው። ሐጂ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ ጥለው አነሡት፤ እንደገና አጠፉት። የሚያጽናናኝ ነገር ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ከዚህ ጠረጴዛ እስከዚያ ጠረጴዛ አምስት እርምጃ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

ከዚያ ሄደው የአያ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጡት። «ይሄ አይነካም» አሉ። «ለሚመጣው ሰው ሌላ አገኝለታለሁ። አንተ ደግሞ ጎተራው እምቢ ያላቸውን ደንበኞች ዝርዝር አለህ አይደል? በል እንግዲህ። ተቀምጠህ አታልቅስብኝ፤ ለነገሩ መቀመጥም አትችል።»

ደብተሩን አወጣሁ። አያ የጻፈውን «እምቢ አለ» አልሰረዝኩትም። ከሥሩ በራሴ ጽሕፈት «አልተሞከረም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ከሱ ሥር ደግሞ «ሠራ»። ቀኑን በኛም በፈረንጅም ጻፍኩት።

እናቴን ደወልኩላትና አርባው የሚውልበትን ዕለት አሁን በትክክል ነገርኳት። «ሳንጃ ሠራልህ?» አለችኝ። ያቺን ጥያቄ እሷም ከጎኑ ሆና ስንት ማታ ሰምታታለች። «ሠራ እማዬ። የቀረውን ቤት ስመጣ ነው የምነግርሽ» አልኳት። «ና ብቻ» አለች።

ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ግን ወደ ፍርድ ቤቱ ወረድኩ። ማመልከቻ ጸሐፊው ሽማግሌ በጃንጥላቸው ሥር፣ ጀነሬተር ከሚያውሳቸው ሱቅ አጠገብ፣ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠዋል። ጥቁር ልብሴን አይተው ባርኔጣቸውን አነሡ። ከዚያ እጄ ወደ ማውሱ ሲሄድ አዩና ቀደም ብለው ያዙት።

«ቆይ። ሰዓቴን ልትቀይርብኝ ከሆነ አልወድም። ስንት ጊዜ ተመላልሼ ያስተካከልኩት ነው።»

«አልቀይርብዎትም አያ» አልኳቸው። «ለጥቂት ደቂቃ እዋሰውና እዚሁ ቆሜ እመልስልዎታለሁ።»

እያመነቱ ለቀቁልኝ።